አባቴ እሑድ እቤት ነው

እሑድ ረፋድ ላይ የግቢው በር ሲንኳኳ ርሆቦት የአባቷን መጻሕፍት በካርቶን እየደረደረች ነበር። ጎረቤት መስሏት፣ አቧራ የነካውን እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ ከፈተች። ከበሩ ማዶ ጋቢያቸውን አሳምረው የደረቡ ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል። አንዳቸውንም ከዚያ በፊት አይታ አታውቅም፤ መካከል የቆሙትን ግን ወዲያው ለየቻቸው። ያ ሰፊ ግንባር፣ ያ ከመናገሩ አስቀድሞ ወደ መሬት የሚወርድ ዐይን፣ የምትወደው የባምላክ ነው። እኒህ የቁንዝላው አጎቱ አቶ አምሐ መሆናቸውን ማንም አልነገራትም፤ ልቧ ግን ድው ብሎ ነገራት።

«እንደምን አደርሽ ልጄ። አባትሽ አሉ?»

«አሉ» አለችና በሩን ከፍታ አሳለፈቻቸው።

የርሆቦት አባት አቶ ሣህሉ፣ ዕድሜያቸውን በፋብሪካ የማሽን ጥገና ላይ የፈጁ፣ በቅርቡም ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከፋብሪካው የተሰጣቸውን መኖሪያ ቤት ለቅቀው ወደ ትውልድ ከተማቸው ወደ አዳማ ለመመለስ ቤተሰቡ ዕቃ ማሰናዳት ከጀመረ ሰንብቷል። ሽማግሌዎቹ ሳሎን ሲገቡ እናቷ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ወንበር ለማስተካከል ተሯሯጡ።

«ኧረ ቁጭ በሉ! ቆማችሁማ አይሆንም።»

«እግዜር ያክብርልን እመቤት» አሉ አቶ አምሐ። «የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም።»

ይህን የሰማ ሰው የመጡበትን ያውቀዋል። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ወንበሩን እንደያዙ ቀሩ። አቶ አምሐም ጉሮሯቸውን ጠርገው ቀጠሉ፤ «አቶ ሣህሉ፣ እኛ ከሐይቁ ማዶ፣ ከቁንዝላ ነን። ልጃችን ባምላክ እዚሁ ባሕር ዳር ኮሌጅ ያስተምራል። የእርስዎን ልጅ ወድዷል። ልጅ ሆኖ እንዲያገለግልዎ፣ ልጅዎን እንዲሰጡን ደጅ ልንጠና መጥተናል።»

በዚያች ቅጽበት አቶ ሣህሉ ወደ ሽማግሌዎቹ አላዩም፤ ወደ ልጃቸው አዩ። ቁጣ ቢሆን ኖሮ ርሆቦት በቻለችው። ያየችው ግን ቁጣ አልነበረም። ከቤቱ ሁሉ መጨረሻ እንደሰማ ሰው ያለ፣ ግራ የገባው ዐይን ነበር።

«ልጄን ሳላነጋግር መልስ የለኝም» አሉ አባቷ፣ በጨዋ ደንብ። «ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ።»

ሽማግሌዎቹ መርቀው ወጡ። በሩ እንደተዘጋ ርሆቦት ወደ አባቷ ቀረበች።

«አባዬ፣ ስማኝ...»

«ሰማሁ እኮ! ከሰው አፍ ሰማሁ። እንደ እኅትሽ ጊዜ።»

የእኅቷን ጊዜ ርሆቦት አልረሳችውም። ታላቅ እኅቷ ሊድያ ስትታጭ እናት ያውቁ ነበር፤ ጎረቤት ያውቅ ነበር፤ ሽማግሌዎች ደጅ እስኪቆሙ ድረስ ያላወቁት አባት ብቻ ነበሩ። ያኔ አቶ ሣህሉ ታናሽ ልጃቸውን ጠርተው የለመኗት አንድ ነገር ነበር፤ «የአንቺን ጉዳይ ከአንቺው አፍ ልስማ።» እርሷም እጃቸውን ስማ ቃል ገብታላቸው ነበር።

«ዛሬ ልነግርህ ነበር። ከምሳ በኋላ።»

አባቷ ፈገግ አሉ፤ ፈገግታው ከጩኸት ይከብድ ነበር። «እኅትሽም ‹ዛሬ ልነግርህ ነበር› ነው ያለችኝ።» ከዚያም ወደ ካርቶኖቹ ዞረው፣ «ዕቃው ሲጫን አብረሽን ትሄጃለሽ። አዳማም ሥራ አለ» አሉ።

«እናንተዬ፣ ቁንዝላ?» አሉ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ፣ አሁንም ወንበሩን እንደያዙ፤ «ለሠርጉ በጀልባ ልንሄድ ነው?» ማንም አልሳቀም።

ርሆቦት ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ስልኳ በራ፤ ከባምላክ የመጣ መልእክት ነው። «እንዴት ሆነ? ደስ አላቸው?» ይላል። ከአባቷ ዐይን ይልቅ ይህ የዋህ ጥያቄ አስለቀሳት። ቃሏን በአባቷ ፊት ሐሰት ያደረገባት ሰው፣ ማድረጉን እንኳ አላወቀም። ጠላት ቢሆን ትሸሸዋለች፤ የምትወደውን ሰው ግን ወዴት ትሸሸዋለች?

*

ባምላክን ያወቀችው ፊቱን ከማየቷ በፊት በጽሑፉ ነው።

ኮድ የሚጽፉ ወጣቶች፣ ዛሬ ዛሬ ሥራቸውን የሚያግዛቸውን ሰው ሠራሽ አስተውሎት በአማርኛ የሚያዝዙበት አንድ የጋራ የትእዛዝ መዝገበ ቃላት በበይነ መረብ ላይ ከፍተው ነበር። የፈለገ ሰው አንድ ቃል ያዋጣል፤ ቃሉ ሲነገረው ረዳቱ ምን እንዲሠራ፣ ምንስ እንዳይነካ አብሮ ይጽፋል። «ፈትሽ» ከተባለ ስሕተቱን ፈልጎ ያሳያል እንጂ አያርምም፤ «አሳጥር» ከተባለ የተንዛዛውን ኮድ ይሰበስባል። የተዋጣውን ቃል ሌሎች በየሥራቸው ይሞክሩታል፣ ይከራከሩበታል፤ ከመዝገቡ ጠባቂዎች አንዱ ሲስማማ ለሁሉም ይሆናል። ደቦ ነው እንግዲህ፤ ማሳው ብቻ አይታይም።

ከጠባቂዎቹ አንዱ ባምላክ ነበር። ርሆቦት «አስረዳ» የሚለውን ቃል ባዋጣች ዕለት ከሥሩ አንዲት ቃል ጻፈባት፤ «ለማን?»

ቀኑን ሙሉ ተናደደች። «ለማን ብሎ ነገር ምንድን ነው? ለሚጠይቀው ነዋ!» ስትል ለባልደረባዋ ለትንቢት አማረረች። ማታ እራት ላይ ግን ጉርሻዋ በእጇ እንዳለ ቆመች። ለጀማሪ የሚሰጥ ማብራሪያና ለባለሙያ የሚሰጥ ማብራሪያ እንዴት አንድ ይሆናል? በማግሥቱ ቃሉን አስተካክላ መለሰችው።

አዋጪዎቹ በኮሌጁ አዳራሽ የተሰበሰቡ ጊዜ መነጽር ያደረገ፣ ጢሙ የሸበተ መምህር ጠብቃ ነበር። ያገኘችው ረጅም፣ ዐይኑን የት እንደሚያሳርፈው የማያውቅ ወጣት ነው።

«ለማን? ያልኸኝ አንተ ነህ?»

«ተቀይመሽኝ ነበር?» አላት፤ ጆሮው እስኪግል አፍሮ።

«እስከ እራት ድረስ።»

ያን ጊዜ ቀና ብሎ አያት። ያች እይታ ረጅም አልነበረችም፤ ነገር ግን ሁለቱም ከስብሰባው ወጥተው በየመንገዳቸው ሲሄዱ ይዘዋት ሄዱ።

እርሱ የቁንዝላ ዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው፤ እርሷ በፋብሪካ ግቢ፣ ከየአገሩ በመጡ ደመወዝተኞች መካከል ያደገች። እርሱ ብዙውን ነገር ሳይነገር እንዲገባ የሚጠብቅ፣ እርሷ ደግሞ ያልተባለ ነገር እንዳልተባለ የምትቆጥር። ይህ ልዩነት መጀመሪያ ያጫውታቸው ነበር።

ርሆቦት የምትሠራው ለጣና ጀልባዎች የመንገደኛ ቦታ ማስያዣ ፕሮግራም በሚያዘጋጅ ትንሽ ቢሮ ነው። አንድ ቀን ረዳቷን «ያለፉትን ጉዞዎች አጽዳልኝ» አለችው። ከሰሌዳው ላይ እንዳይታዩ ማለቷ ነበር። እርሱ ግን ከነመዝገባቸው ደመሰሳቸው፤ በነፋስ ምክንያት ዘግይተው ገና ያልተነሡትን ወደ ደልጊ የሚሄዱ መንገደኞች ጭምር። ሰዎቹ ጓዛቸውን ይዘው ማረፊያው ላይ ሲንገላቱ ዋሉ። ርሆቦት ራሷ ወርዳ አንድ በአንድ ይቅርታ ጠየቀቻቸው። ከዚያ ተመልሳ ነው «ንገረኝ» የሚለውን ቃል ያዋጣችው። «ንገረኝ» የተባለ ረዳት፣ ምንም ነገር ከመንካቱ በፊት የተጠየቀውን እንዴት እንደተረዳው በራሱ አነጋገር ይገልጻል፤ «አዎ» እስኪባል ድረስም ይጠብቃል።

የባምላክ አስተያየት እንዲህ የሚል ነበር፤ «ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም። ጥሩ ረዳት ከጥቂት ቃል ብዙ ይረዳል። በየእርምጃው የሚጠይቅ ሥራ ያዘገያል። አልስማማም።»

ርሆቦትም ከሥሩ፣ «ብልህ ነው ያለህ ማን ነው?» ብላ መለሰችለት። አዋጪዎቹ ሳቁ። ከወረታ የምትሳተፈው ተስኒም «መምህር፣ ተመቱ!» ብላ ጻፈች። ቃሉ ግን ሳይጸድቅ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

ሽማግሌዎቹ ከመምጣታቸው ሁለት ቀን ቀድሞ፣ ዓርብ ዕለት፣ ርሆቦትና ባምላክ በሐይቁ ዳር ሲሄዱ ስለ አዳማው ጉዞ ነገረችው። ባምላክ ዐይኑን ወደ ሐይቁ መለሰ፤ ፊቱም ጠቆረ። ልታጽናናው ፈለገች። በሥራ ዘመናቸው እሑድን እንኳ ከማሽኖቹ የማይለዩት አባቷ ዛሬ ጡረታ ላይ ናቸው፤ እሑድ ከምሳ በኋላ አጠገባቸው ተቀምጣ ሁሉን ትነግራቸዋለች። ይህን ሁሉ አስባ፣ ካሰበችው ሁሉ ከአፏ የወጣው ግን ይህ ብቻ ነበር፤

«አባቴ እሑድ እቤት ነው።»

ባምላክ ቆመ። ዐይኑ በራ። «ገባኝ» አላት።

ስለ ገባው ደስ አላት። ምን እንደገባው አልጠየቀችውም።

*

ሰኞ ቢሮ ስትገባ ዐይኗ አብጦ ነበር። ባምላክ ደጋግሞ ደወለ፤ አላነሣችም። ላፕቶፗን ከፍታ የመዝገቡን ገጽ አወጣች፤ «ንገረኝ» እዚያው ተንጠልጥሏል፤ ከሥሩም የባምላክ ተረት። ለብልህ አይነግሩም። እጇ ቀደማት። «ሐሳቤን አንሥቻለሁ» ብላ ጻፈችና ቃሏን አወረደች።

ብዙም ሳይቆይ ተስኒም ጻፈች፤ «እኅቴ፣ ምን ነካሽ? እኔ እኮ ሠርቼበታለሁ! የአባቴን ሱቅ የዕቃ ዝርዝር ሊያበላሽብኝ ሲል ‹ንገረኝ› ብዬ ነው የያዝሁት።»

ትንቢት ወንበሯን ስባ ተጠጋች። «አንቺ ልጅ፣ ሰውየው ምን አደረገሽ?»

«ሽማግሌ ላከ።»

«ውይ! ይህንንማ አንድ ሰው ቢያደርግልኝ!» አለችና የጓደኛዋን ፊት አይታ ሳቋን ዋጠች። ርሆቦት ሁሉንም ነገረቻት። ትንቢት ሰምታ ስታበቃ፣ «እሺ፣ ከእሱ ጋር ተጣይ። ከቃሉ ጋር ምን አጣላሽ?» አለቻት።

«ቃሉ ምን ጠቀመኝ? አጠገቤ ላለው ሰው እንኳ አላስረዳሁትም።»

ለስንት ሰው የሚሆን መስሏት የቀረጸችው ሐሳብ፣ ለገዛ ሕይወቷ አንዲት ቀን አልደረሰላትም። የመረራት ይህ ነበር።

ማክሰኞ ከባምላክ አጭር መልእክት መጣ፤ «ምን አጠፋሁ?» በዚህ መልእክት ውስጥ ክርክር የለም፤ ተረት የለም። ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው። ከዚያም፣ «ነገ ከሥራ በኋላ፣ ጀልባ ማረፊያው አጠገብ» ብላ መለሰች። መልእክቱን ስትልክ የተሰማት ተስፋ ይሁን ፍርሃት መለየት አልቻለችም።

*

ረቡዕ ሐይቁ ጸጥ ብሎ ነበር። ከደንገሉ ወዲያ አንድ ታንኳ እንጨት ጭኖ በዝግታ ይቀዘፋል። ባምላክ ቀድሟት ደርሶ፣ እንደ እንግዳ ሰው ኮቱን ቆልፎ ቆሟል።

«አጎቴ በክብር ተቀበሉን አሉኝ» ሲል ጀመረ። «ሁለት ሳምንት መባሉም ደግ ምልክት ነው አሉኝ። ያንቺ ዝምታ ግን...»

«ባምላክ፣ ዓርብ ዕለት ምን አልሁህ?»

«ዓርብ?»

«እዚሁ፣ ስንሄድ።»

«አባቴ እሑድ እቤት ነው አልሽኝ።»

«ከዚያ ምን ገባህ?»

ጥያቄው ለባምላክ እንግዳ ሆነበት። «ሌላ ምን ይገባኛል? በእኛ ቤት ሴት ልጅ ‹ሽማግሌ ላክ› ብላ አትናገርም። እናቴ ለአባቴ ያለችው ይህንኑ ነው፤ ‹አባቴ እቤት ይውላል› አለችው፤ ላከ። እስከ ዛሬ ስታወራው ትስቃለች። አንቺም ያን ስትይኝ፣ የእናቴን ድፍረት በአንቺ ያየሁ መሰለኝ። ለአጎቴ ወዲያው ደወልሁ። ርሆቦት፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።»

የመጨረሻውን ሲናገር ድምፁ ሰለለ። ርሆቦት ይዛ የመጣችው ቁጣ ከእጇ ሲያመልጥ ተሰማት፤ በኃይል መለሰችው።

«በእኛ ቤት ‹አባቴ እሑድ እቤት ነው› ማለት አባቴ እሑድ እቤት ነው ማለት ነው! ሌላ የለውም። እሑድ እኔው ልነግረው ነበር። በእኅቴ ጊዜ ከሰው አፍ ሰምቶ ልቡ ተሰብሯል። ከእኔ አፍ እንዲሰማ ቃል ገብቼለታለሁ። አንተ ቀደምኸኝ። አባቴ አሁን እኔን የሚያየኝ እንደ ዋሸሁት አድርጎ ነው። አዳማ ይዞኝ ሊሄድ ነው። ገባህ?»

ባምላክ አጠገቡ ባለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ቀጥሎ የጠየቃት ለመክሰስ አልነበረም፤ ድምፁ ውስጥ የነበረው ኀዘን ብቻ ነው።

«ይህን ቃል ኪዳን ነግረሽኝ ነበር?»

ርሆቦት አፏን ከፈተች። ልትመልስ የፈለገችው «አዎ» ነበር። ከስንት ጊዜ ጨዋታቸው፣ ከስንት መንገዳቸው ውስጥ ያን ቀን ፈለገችው፤ አጣችው። ስለ አባቷ ማሽን ነግራዋለች፤ ስለ እኅቷ ልጆች ነግራዋለች፤ ይህን ግን አልነገረችውም። ስለምትወደው ያውቃል ብላ ነበር። «ንገረኝ» የሚለውን ቃል ያዋጣችው ሴት፣ እርሷም እንደ እርሱ፣ ለብልህ አይነግሩም ብላ ነበር።

«አልነገርሁህም» አለች፤ እንባዋ ወረደ።

«እኔም አልጠየቅሁሽም» አለ ባምላክ። «አጥፍቻለሁ። ጥፋቱ የአገሬ ልማድ አይደለም፤ የእኔ ነው። ልማዱን እንደማታውቂው እያወቅሁ፣ የምመኘውን ሰማሁ።»

አጠገቡ ተቀመጠች። ታንኳው ከደንገሉ ኋላ ተሰወረ።

«አጎቴን መልሼ ልላካቸው» አለ ድንገት። «ተሳስተን ነው፣ ትተነዋል ይበሉ።»

«አብደሃል? ሽማግሌ ልከው ሲመልሱ ምን እንደሚባል አታውቅም? ‹ምን አይተውባት ተዉዋት?› ነው የሚባለው!»

«እውነትሽን ነው።» ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ወዲያው ደግሞ ብድግ አለ። «እንግዲያውስ እኔው እሄዳለሁ። አባትሽ እግር ላይ እወድቃለሁ። አሁኑኑ!»

ወደ መንገዱ ተራመደ። ጥቂት ሄዶ ቆመ። ጀርባውን እንደሰጣት ትከሻው ወረደ፤ ቀስ ብሎም ዞረ።

«ልሂድ?» አላት። «ወይስ አንቺ ሌላ ነገር ትፈልጊያለሽ? እኔ አላውቅም፤ አንቺ ታውቂያለሽ።»

ከተዋወቁ ጀምሮ ብዙ ያማረ ነገር ብሏት ያውቃል። ከሁሉም ግን እንደዚህ የልቧን ቋጠሮ የፈታ አልነበረም። ይህ ኩሩ ሰው፣ ስለ ሁሉ ነገር መልስ ያለው መምህር፣ አላውቅም ብሎ ቆሟል።

«አትሂድ። የምሄደው እኔ ነኝ፤ ብቻዬን። ያረፈደ ቢሆንም ከእኔ አፍ ይስማው።»

«እኔስ?»

«ጠብቀኝ።»

ባምላክ ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ ግን ወደ እርሷ ተመልሶ እንዲህ አለ፤ «እስክትደውዪልኝ ድረስ አልደውልልሽም። ወደ አባትሽም አልሄድም፤ አጎቴንም አልልክም። አባትሽ እምቢ ካሉም የነገርሽኝን እሰማለሁ እንጂ በራሴ አላደርግም። እንዲህ ነው የተረዳሁት። ልክ ነኝ?»

«ልክ ነህ» አለች፤ እንባዋ መሐል ሳቅ መጣባት።

«ቃልሽን ወደ መዝገቡ መልሺው። ዛሬውኑ እቀበለዋለሁ።»

«ለእኔ ብለህ እንዳትቀበለው! ሞክረህ ከጠቀመህ ብቻ።»

«አሁን ሞከርሁት አይደል?»

«በኮድ ላይ፣ መምህር! በኮድ ላይ!»

ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። በሐይቁና በከተማው መካከል ቆመው፣ ነገ ምን እንደሚሆን ሳያውቁ ተያዩ። እጁን አልዘረጋም፤ እርሷም አልዘረጋችም። ሆኖም ከዚያ በፊት እጅ ለእጅ ተያይዘው በሄዱበት በየትኛውም ቀን እንደዚያ ሰዓት አልተቀራረቡም ነበር።

*

ቤት ስትደርስ አባቷ በረንዳው ላይ የመጽሐፍ መደርደሪያውን እየፈቱ ነበር። ካቻቢቴው በእጃቸው ይዞራል። ቀና አላሉም።

«አባዬ፣ የምነግርህ አለኝ።»

«ነግረውኛል።»

«እኔ አልነገርሁህም።»

ካቻቢቴው ቆመ። አቶ ሣህሉ ብሎኑን ከመዳፋቸው ወደ ጣሳው ጣሉት፤ መሣሪያቸውንም አስቀምጠው በካርቶኑ ላይ ተቀመጡ። ተናገሪ አላሏትም። ነገር ግን ነገሩን ገና ያልሰማ ሰው እንደሚሆነው ሆነው ተቀመጡ።

ርሆቦት ከመጀመሪያው ጀመረች። ስለ መዝገቡ፣ ስለዚያ «ለማን?» ስለተባለው ጥያቄ፣ ስለ አዳራሹ፣ ስለ ደልጊ መንገደኞች፣ ዓርብ ስላለችውና ስላላለችው ነገር። ራሷን አላነጻችም፤ ባምላክንም አልሸፈነችም። ስትጨርስ የበረንዳው ጥላ እግራቸው ሥር ደርሶ ነበር።

«አባቱ ዓሣ አጥማጅ ናቸው?» አሉ አቶ ሣህሉ።

«አዎ።»

«ደግ ነው። ዓሣ ማጥመድ ትዕግሥት ይጠይቃል ይላሉ፤ ልጁ አልወረሰም እንጂ።» ጥቂት ቆይተው፣ «ሲሳሳት ምን ይላል?» ሲሉ ጠየቁ።

«መጀመሪያ ይከራከራል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ተሳሳትሁ ይላል። ሰበብ አይጨምርበትም።»

አባቷ ወደ ተፈታው መደርደሪያ ተመለከቱ። «እኔን ያመመኝ ልጁ አይደለም፣ ርሆቦት። የዓሣ አጥማጅ ልጅ መሆኑም አይደለም። ዕድሜዬን ሙሉ በማሽን ጩኸት ውስጥ ኖርኩ። እቤት ስገባ እናንተ ተኝታችኋል፤ ስወጣ ተኝታችኋል። እኅትሽ ሳትነግረኝ ስትቀር፣ ልጆቼ የማይነግሩኝ አባት ሆኜ ይሆን ብዬ ፈራሁ። እሑድ ዕለት ደግሞ ያረጋገጥኩ መሰለኝ።»

ርሆቦት እስከዚያች ሰዓት ድረስ የአባቷን ዝምታ ኩራት ይመስላት ነበር። ፍርሃት ነበር። ጉልበታቸው ላይ ተደፍታ እጃቸውን ሳመች።

«ላንተ ያልነገርሁትን ለማን ልነግር ነበር? የዘገየሁት እኮ ስለምፈራህ አልነበረም። ስነግርህ ደስ እንዲልህ ስለምፈልግ ነው።»

አቶ ሣህሉ ፀጉሯን ዳሰሱ። ጣታቸው ገና የማሽን ዘይት ይሸታል። ከውስጥ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ዕቃ ሲያሰናዱ ይሰማል። በመጨረሻ፣ ስለ ጓዝ እንደሚያወራ ሰው ተራ በሆነ ድምፅ እንዲህ አሉ፤

«አዳማ ድረስ ትሸኚናለሽ። ቤቱን አብረሽን ታስተካክያለሽ። ከዚያ ትመለሻለሽ።»

«ትመለሻለሽ» ስትል በልቧ ደገመችው። ከአባቷ አፍ ይህን ለመስማት ስትል ነበር እንቅልፍ ያጣችው። አሁን ሲመጣ ግን ደስታው ብቻውን አልመጣም። ሌላውን የቃሉን ወገን ያን ጊዜ ተረዳችው፤ እርሷ ስትመለስ እነርሱ አይመለሱም። የፈለገችው ተሰጣት፤ የተሰጣትም በእኒህ ዘይት በሸተቱ እጆች፣ ራሳቸውን ከእርሷ እያራቁ ነው። ለባምላክ መደወል እንዳለባት ታውቃለች፤ እየጠበቀ ነው። ቢሆንም ለጥቂት ጊዜ ከአባቷ ጉልበት ቀና አላለችም። ሙሽራ ከመሆኗ በፊት፣ ያን ምሽት፣ እስኪበቃት ልጅ መሆን ፈልጋ ነበር።